ዝም ያለውንም ተማሪ የሚያይ የትምህርት ቤት አመራር ያስፈልጋል!

የጠዋቱ ደወል ተደውሏል። ተማሪዎች በሰልፍ ቆመው ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሏል፤ የትምህርት ቤቱ በርም ተዘግቷል። ከበሩ ውጭ አንዲት የ4ኛ ክፍል ተማሪ ቆማለች እንበል። በዚህ ሳምንት ስታረፍድ ይህ ሦስተኛ ቀኗ ነው። በሩ ሲከፈት ከሌሎች አርፋጆች ጋር ትንበረከካለች፤ ከዚያም ክፍል ገብታ መጨረሻው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። አትረብሽም፤ አትጣላም፤ እጇንም አታወጣም። ረፋድ ላይ «ቲቸር፣ ራሴን አመመኝ» ብላ ዴስኩ ላይ ትደፋለች። መምህሯ ስለ እርሷ ቢጠየቁ «ጨዋ ልጅ ናት» ከማለት ውጭ የሚሉት ብዙ የላቸውም።

ማንም ያልጠየቃት ነገር ግን አለ። እናቷ ለሥራ ወደ አረብ አገር ከሄደች ስድስት ወር ሆኗታል። የምትኖረው ከአክስቷ ጋር ነው። ጠዋት ጠዋት ታናሽ ወንድሟን አልብሳና አብልታ አፀደ ሕፃናት ካደረሰች በኋላ ነው ወደ ራሷ ትምህርት ቤት የምትሮጠው። ሌሊት ደግሞ እንቅልፍ አይወስዳትም።

ይህችን ልጅ ያነሳናት ለምሳሌ ነው። ሆኖም እንደ እርሷ ያለ ተማሪ የሌለበት ትምህርት ቤት ማግኘት ያስቸግራል። በአገራችን «ዝምታ ወርቅ ነው» ይባላል፤ የልጅ ዝምታ ግን ሁልጊዜ ወርቅ አይደለም። የሚረብሽ ተማሪ ቢያንስ ቢሮ ይጠራል፤ «ወላጅ አምጣ» ይባላል። ዝም ያለው ግን ማንንም ስለማያስቸግር ማንም አያየውም። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሳውም ይህንኑ ነው። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሕፃናትን የአእምሮ ጤና መጠበቅ የማን ኃላፊነት ነው? መልሱ «የሁሉም» የሚል ቢሆንም፣ የሁሉም የተባለ ሥራ የማንም ሆኖ እንዳይቀር የሚመራው ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ርዕሰ መምህሩ ነው።

በቅድሚያ የአእምሮ ጤና ሲባል ምን ማለት እንደሆነ መግባባት ይገባል። በኅብረተሰባችን ዘንድ ቃሉ ሲነሳ ወደ ብዙዎች ሃሳብ የሚመጣው ከባድ ሕመም ብቻ ነው። ለሕፃን ልጅ የአእምሮ ጤና ማለት ግን መጫወት መቻል፣ ጓደኛ መያዝ፣ የሚሰማውን መናገር፣ ሲከፋው መጽናናት፣ በዕድሜው ልክ ትኩረት ሰጥቶ መማር ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከአእምሮ ጤና ችግሮች አንድ ሦስተኛ ያህሉ የሚጀምሩት ከ14 ዓመት ዕድሜ በፊት ነው። ድርጅቱ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆኑ ልጆች መካከልም ከ7ቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንደሚያጋጥመው ያስረዳል። በአገራችን አንድ ልጅ በ7 ዓመቱ 1ኛ ክፍል ገብቶ በመደበኛው ሂደት 6ኛ ክፍልን የሚጨርሰው በ12 እና በ13 ዓመቱ ገደማ ነው። ስለዚህ ችግሩ ሥር ሳይሰድ ሊታይ የሚችልበት ጊዜ ልጁ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚውልበት ጊዜ ነው ማለት ነው።

ልጆች «ጭንቀት አለብኝ» ብለው አይናገሩም። ሕመማቸውን የሚነግሩን በሰውነታቸውና በጠባያቸው ነው። በምርመራ ምክንያቱ ያልተገኘለት ተደጋጋሚ የሆድና የራስ ምታት፣ የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባት፣ ትቶት የነበረውን ሽንት በእንቅልፍ ልብ መሽናት እንደገና መጀመር፣ ከጓደኛ መራቅ፣ ቶሎ ማልቀስ ወይም ያለምክንያት መቆጣት፣ የውጤት በድንገት ማሽቆልቆል፣ ትምህርት ቤት መሄድን መጥላት ዋና ዋናዎቹ ምልክቶች ናቸው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንድ ቀን የከፋው ልጅ ሁሉ ታሟል ማለት አይደለም። በተፈጥሮው ዝምተኛ የሆነና በዝምታው ደስተኛ የሆነ ልጅም አለ። ሊያሳስበን የሚገባው ልጁ ከቀድሞ ጠባዩ ሲለወጥ፣ ለውጡ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲቀጥል፣ ከጨዋታና ከትምህርትም ሲያግደው ነው።

መንስኤዎቹም ብዙ ናቸው። ረሃብ፣ የወላጅ ሞት ወይም ከቤት መራቅ፣ በቤት ውስጥ የሚታይ ጠብና ድብደባ፣ በግጭት ምክንያት ከቀዬ መፈናቀል፣ ጾታዊ ጥቃት፣ በጓደኞች መሰደብና መገለል፣ የፈተና ፍርሃት ይጠቀሳሉ። አብዛኞቹ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ የሚፈጠሩ ናቸው። ርዕሰ መምህሩ የቤተሰብን ድህነት ማጥፋት፣ የሄደችን እናት መመለስ አይችልም። ልጁ በቀን ስድስትና ሰባት ሰዓት የሚውልበትን ግቢ ግን ቁስሉን የሚያክም ወይም የሚያባብስ ማድረግ ይችላል። ታዲያ ከምን ይጀምር?

የመጀመሪያው ሥራ ፍርሃትን ከግቢው ማስወጣት ነው። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤትም ሆነ በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ውስጥ አካልን ከሚጎዳ ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳለው ደንግጓል። ድንጋጌው ይህን ያህል ዓመት ካስቆጠረ በኋላም ልምጭ የያዘ መምህርና ጠጠር ላይ የሚንበረከክ ተማሪ ማየት ሊያሳፍረን ይገባል። የሚፈራ ልጅ አእምሮው የሚጠብቀው ቀጣዩን ምት እንጂ ቀጣዩን ትምህርት አይደለም። ዱላ ይቅር ማለት ሥርዓት ይፍረስ ማለትም አይደለም። ለሚያረፍድ ልጅ በመጀመሪያ «ለምን አረፈድሽ?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱንም ጽፎ መያዝ፣ የሚደጋገም ከሆነ ቤተሰብን ማነጋገር ከማንበርከክ የተሻለ ሥርዓት ያስይዛል። የዚያች የ4ኛ ክፍል ተማሪ ታሪክ የሚወጣው በዚህች አንዲት ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው፣ እያንዳንዱን ተማሪ የሚያውቅ አንድ አዋቂ ሰው መኖሩን ማረጋገጥ ነው። 50 እና 60 ተማሪ በሚማርበት ክፍል ይህ ከባድ ይመስላል። ነገር ግን ወጪ የሌለው ቀላል ዘዴ አለ። የክፍል ኃላፊ መምህራን በወር አንድ ጊዜ የስም መጥሪያቸውን ይዘው ይቀመጡ። በእያንዳንዱ ስም ላይ «ስለዚህ ልጅ ከውጤቱ ውጭ ምን አውቃለሁ? ከማን ጋር ይጫወታል? ከማን ጋር ይኖራል?» ብለው ራሳቸውን ይጠይቁ። መልስ ያጡለትን ልጅ ስም ያስምሩበት። በቀጣዩ ሳምንት ከእነዚያ ልጆች ጋር በእረፍት ሰዓት ለሁለትና ለሦስት ደቂቃ ያውሩ። ብዙ ጊዜ ከመስመሩ በላይ የሚገኙት ስሞች የረባሾቹ አይሆኑም፤ የ«ጨዋዎቹ» ናቸው። የጽዳት ሠራተኞች፣ ጥበቃዎችና የምገባ እናቶችም ለብቻው የሚቀመጠውን፣ ምሳውን የማይበላውን፣ ቤቱ መሄድ የሚፈራውን ልጅ ከማንም በፊት ያያሉና ርዕሰ መምህሩ እነርሱንም ሊያዳምጥ ይገባል።

ሦስተኛው፣ ያየነውን ነገር የምናደርስበት መንገድ መዘርጋት ነው። ርዕሰ መምህሩ ሁለት ወይም ሦስት አባላት ያሉት ቡድን ሰይሞ በሳምንት ግማሽ ሰዓት ቢሰጠው ይበቃል። ከተገኘ የሥነ ልቦና አማካሪ፣ ካልተገኘም በተማሪዎች ዘንድ የሚታመኑ አንዲት መምህርትና አንድ መምህር ሊሆኑ ይችላሉ። የቡድኑ ሥራ ሕክምና መስጠት አይደለም፤ ማዳመጥ፣ ከቤተሰብ ጋር መነጋገር፣ ሲያስፈልግም በአቅራቢያው ካለው ጤና ጣቢያ ጋር ማገናኘት ነው። የልጁ ጉዳይ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ወሬ እንዳይሆንም ምስጢሩ ሊጠበቅ ይገባል። አንድ ጊዜ ምስጢሩ የወጣበት ልጅ ዳግመኛ አይናገርም፤ ያዩት ጓደኞቹም እንዲሁ።

ልጅን ማዳመጥ ራሱ ጥበብ ይጠይቃል። በጓደኞቹ ፊት አይጠየቅም። ጎን ለጎን ተቀምጦ «ሰሞኑን ከወትሮው ዝም ብለሃል፤ ምን ሆነሃል ልጄ?» ማለት በቂ መጀመሪያ ነው። ሲናገር አይቋረጥም፤ «ይሄማ ቀላል ነው»፣ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» አይባልም። «ለማንም አልናገርም» የሚል ቃልም አይገባለትም፤ ለደኅንነቱ ሲባል ለሚረዳው ሰው መናገር እንደሚያስፈልግ በግልጽ ይነገረዋል። ጥቃት እንደደረሰበት የሚናገር ልጅ ሲገኝ ጉዳዩ በሽምግልና ተሸፋፍኖ መቅረት የለበትም፤ ሳይውል ሳያድር ለፖሊስና ለሕክምና ተቋም መድረስ አለበት። «መኖር አስጠላኝ» ወይም «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ልጅም ሕፃን ነው ተብሎ አይናቅም። ስለ ጉዳዩ በርጋታ መጠየቅ ሃሳቡን አያሳድርበትም፤ ይልቁንም ያስተነፍሰዋል። ይህን የተናገረ ልጅ ለብቻው አይተውም፤ ቤተሰቡ በዚያው ቀን ተጠርቶ ወደ ጤና ተቋም ሊወሰድ ይገባል።

አራተኛው፣ የዕለት ተዕለቱን የግቢ ሕይወት ማሻሻል ነው። በአዲስ አበባና በሌሎች አካባቢዎች የተጀመረው የተማሪዎች ምገባ ሆድን ከመሙላት አልፎ የልጅን መንፈስ የሚያረጋጋ ነው፤ ምሳ ከየት ይመጣል እያለ የሚያስብ ልጅ ትምህርት አይገባውም። የእረፍት ሰዓት ለቅጣት መነጠቅ የለበትም፤ ለልጅ ጨዋታ ሕክምናም ነው። መጸዳጃ ቤቱ በር ያለውና ሴቶች ልጆች ሳይፈሩ የሚገቡበት ሊሆን ይገባል። ሚኒ ሚዲያውም ከማስታወቂያ በተጨማሪ ስድብና ማግለል ጓደኛን እንዴት እንደሚጎዳ፣ የከፋው ልጅ ለማን መናገር እንዳለበት በተማሪዎች አንደበት ቢያስተላልፍ ጥቅሙ ብዙ ነው።

አምስተኛው የመምህራን ጤና ነው። በኑሮ ውድነት የተጨነቀና በስብሰባ ላይ በባልደረቦቹ ፊት የተዘለፈ መምህር ያንኑ ንዴት ይዞ ክፍል ይገባል። ርዕሰ መምህሩ መምህራኑን የሚያነጋግርበት አንደበት መምህራኑ ሕፃናቱን ወደሚያነጋግሩበት አንደበት መተላለፉ አይቀርም። ስለሆነም በአክብሮት መምራት ከአስተዳደር ጥበብነቱ ባሻገር የሕፃናት ጤና ጥበቃም ጭምር ነው።

ወላጆችስ? ትምህርት ቤት ወላጅን የሚጠራው ልጁ ሲያጠፋና ክፍያ ሲዘገይ ብቻ ከሆነ፣ ጥሪው በመጣ ቁጥር ልጁ ቤት ውስጥ ይመታል። «ልጅዎ ዛሬ ጓደኛውን ረዳ» የሚል አንድ የስልክ ጥሪ ብዙ በር ይከፍታል። ወላጅም በበኩሉ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «ከስንት ስንት አመጣህ? ስንተኛ ወጣህ?» ከማለቱ በፊት «ዛሬ ከማን ጋር ተጫወትክ? ምን ደስ አለህ? ምን አስከፋህ?» ቢል የልጁን ልብ ያገኛል። አክስት፣ አያት ወይም ታላቅ እህት የምታሳድገው ልጅ ሲሆን ትምህርት ቤቱ እነዚህን አሳዳጊዎች እንደ ወላጅ አክብሮ ሊጠራቸው ይገባል። ለመጸለይና ጸበል ለመውሰድ የሚፈልግ ቤተሰብም እምነቱን ሳይተው ልጁን ለባለሙያ ማሳየት ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት የሥጋን ሕመም ብቻ አይመለከትም።

ይህ ሁሉ በርዕሰ መምህሩ ትከሻ ላይ ብቻ ተጥሎ ሊቀር አይገባም። የትምህርት ቢሮዎች መምህራን ምልክቶችን እንዲለዩ ማሠልጠን፣ ቢያንስ ለተወሰኑ ጉድኝት ትምህርት ቤቶች በጋራ የሚያገለግል የሥነ ልቦና ባለሙያ መመደብ ይጠበቅባቸዋል። ጤና ጣቢያዎችም ከትምህርት ቤት የተላከን ልጅ ተቀብሎ የሚያነጋግር ባለሙያ ማን እንደሆነ ለትምህርት ቤቶች ማሳወቅ አለባቸው። የርዕሰ መምህር ሥራ ሲገመገምም ከፈተና ውጤትና ከማቋረጥ ምጣኔ ጎን «ልጆቹ ግቢው ውስጥ ያለ ፍርሃት ይውላሉን?» የሚል ጥያቄ ሊካተት ይገባል። የማይጠየቅ ሥራ በጊዜ ብዛት ይረሳልና።

የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን በየዓመቱ መስከረም መጨረሻ ላይ፣ የትምህርት ዘመኑ ገና በተጀመረበት ወቅት ይከበራል። በዕለቱ ከሚሰቀለው ባነር ይልቅ በማግሥቱ ጠዋት በትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚሆነው ይበልጣል። ያረፈደችው ልጅ እንደገና ትመጣለች። በሩ ላይ የሚጠብቃት ሰው «ተንበርከኪ» ሊላት ይችላል፤ «ደህና አደርሽ ልጄ፣ ዛሬስ ምን ገጠመሽ?» ሊላትም ይችላል። የትኛው ቃል እንደሚወጣ የሚወስነው የትምህርት ቤቱ አመራር ነው። ስለሆነም ርዕሳነ መምህራን የሁለተኛውን ቃል ትምህርት ቤት ዛሬውኑ መገንባት ይጀምሩ!