ማንን እንላክ?

ውድ አንባቢዬ፤ ዛሬ የማጫውትዎ ስለ አንዲት ወንበር ነው። የሥልጣን ወንበር አይደለችም፤ በሃይማኖት የተሰበሰቡ ወጣቶች ስለ ማኅበራዊ አገልግሎት የሚመካከሩበት፣ በባሕር ማዶ የሚደረግ የአንድ ጉባኤ ወንበር ናት እንጂ።

እኔ የምኖረው ቦሌ አራብሳ ነው። ሰፈራችን አዲስ መሆኑን ያውቃሉ። አንዱ ከፒያሳ፣ አንዱ ከካዛንቺስ፣ ሌላው ከመርካቶ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሶት መጥቷል። በደረጃው ላይ ስንተላለፍ «እንደምን አደሩ» እንባባላለን እንጂ የትኛው ልጅ የማን እንደ ሆነ ለይተን አናውቅም። አባትና እናት በማለዳ ወደ መገናኛ የሚሄደውን ታክሲ ተሰልፈው ሲጠብቁ፣ ልጆች በየብሎኩ ሥር ይውላሉ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ለሰንበት ትምህርት ቤታችን ከውጭ አገር የጥሪ ወረቀት መጣ። ወጪው ተችሏል፤ የሚሄደው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው ተባለ። ከመራጮቹ አንዱ እኔ ነበርሁ። ሁለት ዕጩዎች ቀረቡ። አንደኛው እንግሊዝኛው እንደ ውሃ የሚፈስለት፣ አለባበሱም ያማረ ወጣት ነው። ሁለተኛዪቱ፣ ጎረቤት ለለቅሶና ለድግስ በሚሰበሰብበት የጋራ ቤት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሕፃናትን የምታስጠና ልጅ ናት፤ እንግሊዝኛ ስትናገር ግን ምላሷ ይሰናከላል። እኔም «የሚያስጠራን ይሂድ!» ብዬ ሳላመነታ እጄን ለወጣቱ አነሣሁ።

ወጣቱ ሄደ፤ በደኅናም ተመለሰ። አንድ እሑድ ሰብስቦን ያየውን በፎቶግራፍ እያሳየ ነገረን። ንግግሩ አማረ፤ እኛም አመሰገንነው። በመጨረሻ ያች ልጅ ተነሥታ፣ «ወንድሜ፣ ከመጡት መካከል እንደኛ ጎረቤት ከጎረቤት በማይተዋወቅበት አዲስ ሰፈር የሚያገለግሉ ነበሩ ወይ? ወላጆች ልጆቻቸውን አምነው እንዲሰጡአቸውስ ምን አደረጉ?» ስትል ጠየቀችው። ወጣቱም ጥቂት ዝም ብሎ፣ «እኅቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ይህን መጠየቅ በልቤም አልመጣ» አላት።

ያን ጊዜ እኔ አፈርሁ። ጥፋቱ የእርሱ አልነበረም። ያልቸገረውን ነገር ሰው እንዴት ይጠይቃል? ጥፋቱ የመራጩ ነው።

ማታ ቤቴ ገብቼ ስለ ቀድሞዎቹ ሰዎች አሰብሁ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።) በ1844 በሎንዶን ከተማ ጆርጅ ዊልያምስ የተባለ የጨርቅ መደብር ሠራተኛ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ አንድ ማኅበር አቋቋመ፤ እርሱም በኋላ በእኛ አገር ወወክማ ተብሎ የታወቀው ነው። የነዚያ ወጣቶች አሳብ ከየአገሩ ለሥራ መጥተው በከተማው ትርምስ ውስጥ ብቻቸውን የቀሩትን መሰሎቻቸውን መሰብሰብ ነበር። የማኅበሩ የመጀመሪያ የዓለም ጉባኤ በፓሪስ የተደረገው ግን በ1855 ነው። ልብ ይበሉ! ሥራው ጉባኤውን በ11 ዓመት ቀደመው። ፓሪስ የተገናኙት ሰዎች የሚነጋገሩበትን ጉዳይ ከየቤታቸው ይዘው ሄዱ እንጂ እዚያ ደርሰው አልፈለጉትም።

ይህን ስል ጉባኤ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በ1948 በአምስተርዳም የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ማኅበር ሲመሠረት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። በጥር ወር 1971 ደግሞ የዚሁ ማኅበር ማዕከላዊ ኮሚቴ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ተሰብስቧል። በ2022 በጀርመን አገር በካርልስሩኸ ከተማ 11ኛው ጠቅላላ ጉባኤ ሊደረግ ሲል ወጣቶች አስቀድመው ለብቻቸው መክረዋል። እንዲህ ባለው ስፍራ አንድ አገልጋይ ያስጨነቀው ችግር የእርሱ ብቻ አለመሆኑን ያያል፤ ይህም ብቻ ብርታት ነው። ነገር ግን መልስ የሚያገኘው ጥያቄ ይዞ የሄደ ነው።

ስለዚህ፣ አንባቢዬ፣ እርስዎም በደብርዎ፣ በማኅበርዎ ወይም በሰፈርዎ ሰው እንዲመርጡ ቢታዘዙ፣ «ማን ጥሩ ይናገራል?» ከማለትዎ በፊት «ማን ሲሠራ ቆየ? ምንስ ቸገረው?» ብለው ይጠይቁ። ቋንቋ ቢጎድል ጥያቄው አስቀድሞ በወረቀት ይጻፋል፤ ወዳጅም ያስተረጉማል። ሳይሠሩ የቆዩበትን ዘመን ግን ማንም አስተርጓሚ አይሞላውም። የተላከውም ሰው ሲመለስ፣ ፎቶግራፉን አይቶ መበተን አይበቃም። «ካየኸው ውስጥ በመጪው ቅዳሜ እዚህ የምንጀምረው የትኛውን ነው?» ብሎ መጠየቅ የላኪው ፈንታ ነው።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ያ ወጣት ከጋራ ቤታችን አይጠፋም። ሕፃናቱን እንግሊዝኛ ያስተምራል፤ ልጅቱም ከኋላ ተቀምጣ ደብተሯን ይዛ ትከታተላለች። ሌላ ጥሪ ይምጣ አይምጣ እግዚአብሔር ያውቃል። ቢመጣ ግን እጄን ለማን እንደማነሣ ከእንግዲህ አልሳሳትም።