ከጥሊሊ እስከ ኮሪያ

ኮሪያ ሲነሣ እኛ ዘንድ ቀድሞ የሚታወሰው በ1943 ዓ.ም. ለኮሪያ ጦርነት የዘመተው የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ ነው። ወታደሮቹ ከደመወዛቸው ቆርሰው በዶንግዱቾን ከተማ ለጦርነቱ ወላጅ አልባ ሕፃናት ቦህዋ የተባለ ማሳደጊያ ማቋቋማቸው ግን ብዙም አይወራም።

በዚህ እትም አንድ የአዊዋ ጥሊሊ ልጅ በኮሪያ የልጆች ካምፕ እንግሊዝኛ ሲያስተምር ያሳለፈውን ክረምት ይተርክልናል። የሄደው በካናዳ ፓስፖርት ነው። ለውጭ ቋንቋ አስተማሪዎች የሚሰጠው ኢ-2 ቪዛ፣ ለእንግሊዝኛ ሲሆን፣ በዋናነት ለሰባት አገሮች ዜጎች የተከለለ ነው፤ ካናዳ አለችበት፣ ኢትዮጵያ የለችበትም። (ቃኘውን ላስታወሰ ሰው ትንሽ ያስተዛዝባል።)

እኔ የወደድሁት የክፍሉን ወግ ነው። ኮሪያኛ የ«ፍ» ድምፅ ስለሌለው ልጆቹ «ፍ»ን «ፕ» እያሉ ይቸገራሉ፤ መምህሩም እንግሊዝኛን ከአዊኛና ከአማርኛ ቀጥሎ የተማረ በመሆኑ ምላስ የት ላይ እንደሚያዝ ያውቃል፣ አይቸኩልባቸውም። ለትልቅ ሰው ጎንበስ ማለትና በሁለት እጅ መቀበል አላስቸገረውም፤ እናቱ ቤት የለመደው ነው። ቁርስ ላይ የሚቀርበው ኪምቺ የተባለው የተቦካ ጎመን ግን አስቸግሮታል።

አዲስ አበባ አፍንጮ በር ስላለው የዘማቾች መታሰቢያ አጭር ጽሑፍም አክለናል። የካምፑ ትረካ ረዝሟል፤ ለመቁረጥ ስላልጨከንን ታገሡን።