አጎቴ ለገና መጣ፤ መኪናው አዲስ አበባ ቀረ

የወልድያ፣ የመርሳ፣ የሀብሩ ልጆች፣ ከአገር ቤት ርቃችሁ ይህን በስልካችሁ የምታነቡ ሁሉ፣ ዛሬ ሌላው ወሬ ትንሽ ይረፍና ስለ ሶኬት ላውራችሁ። አዎ፣ ስለ ሶኬት።

ባለፈው ገና አጎቴ ከአዲስ አበባ መርሳ መጣ። ከዓመት በፊት የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል። እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ «ወንድሜ ዘንድሮ በራሱ መኪና ነው የሚመጣው» ብላ አውርታለች። በር ላይ ቆመን ስንጠብቅ ሰውየው ከአውቶቡስ ወርዶ በባጃጅ ከች አለ። ሻንጣውን ተቀብዬ «ጋሼ፣ መኪናውስ?» ስለው «ግቢ ቆማለች። የት ሰክቼ ላምጣት?» አለኝ። እናቴ አልገባትም። «ቤታችን መብራት አለ አይደል እንዴ?» አለች። ሁላችንም ሳቅንባት። ቆይ፣ ወደዚህ ሳቅ እመለሳለሁ።

አንዳንድህ «ይሄ የሀብታም ችግር ነው፤ እኔ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ እግሬ እየቀጠነ አንተ ስለ መኪና ታወራለህ» ትለኛለህ። ወንድሜ፣ እኔም ያለሁት እዚያው ሰሌዳ ሥር ነው። በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቄ ሦስተኛ ዓመቴን ሲቪ እያተምኩ ነው። ግን ነገሩ የሀብታም ብቻ አይደለም። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ከእንግዲህ አገር ውስጥ እንደማይገባ አስታውቋል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጨው የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል። አዲስ አበባ ላይ ሚኒባሱ ሳይቀር ወደ ኤሌክትሪክ እየዞረ ነው። ነገ እናትህን ለግሸን፣ አባትህን ለመውሊድ፣ እህትሽን ለገና ላሊበላ የሚያደርሳት መኪና ነዳጅ የሚቀዳ ሳይሆን ሶኬት የሚሰካ ነው። ወደድክም ጠላህም።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ችግሩ በዓል ነው። መኪናው ዓመቱን ሙሉ ቢበታተን ሰው አያማርርም፤ ሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ ሲወጣ ግን ሰልፍ ይሆናል።

ይህ እኛ ጋ ብቻ የሚሆን እንዳይመስልህ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 በአሜሪካ የምስጋና ቀን ሰሞን ካሊፎርኒያ ውስጥ ኬትልማን ሲቲ በምትባል ትንሽ ከተማ የቴስላ መኪኖች ተሰልፈው ሲጠብቁ የሚያሳይ ቪዲዮ ዓለምን ዞሯል። ጣቢያው ወደ 40 የሚጠጉ መሰኪያዎች ነበሩት፤ እንዲያም ሆኖ አልበቃም። ቻይናን ደግሞ ተመልከት። በጥቅምት 2021 በብሔራዊ በዓላቸው ሁናን ግዛት ውስጥ አንድ ሾፌር ለመሰካት ብቻ 4 ሰዓት ተሰልፎ፣ የ8 ሰዓት መንገዱ 16 ሰዓት እንደፈጀበት በየሚዲያው ተዘግቧል። መኪናውንም መሰኪያውንም የምትሠራው ቻይና እንዲህ ከሆነች የእኛን አስበው።

አሁን ወደ ራሳችን መንገድ እንምጣ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደሴ ወልድያ ሌላ 120። መርሳ ከወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቀድማ በዚሁ መስመር ላይ ትገኛለች። ወልድያ ስትደርስ መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ በቆቦ ወደ ሰሜን፣ ሌላው በድልብ ወጥቶ በጋሸና ወደ ላሊበላ። የላሊበላው ብቻ ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መኪናው ሲሸጥ ወረቀቱ ላይ «500 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ይላል። ወረቀቱ ላይ ግን አምስት ሰው፣ ሻንጣና የበዓል በግ የለም። ጣርማበርም የለም። ድልብም የለም።

ዳገት ምን እንደሚበላ በቁጥር ላሳይህ፤ ዲግሪዬ ቢያንስ ለዚህ ይሁን። ከነጭነቱ 2 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ከፍታ ሲወጣ ለመውጣቱ ብቻ 5.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። በመንገድ የሚባክነውና የተለመደው ፍጆታ ሳይቆጠር ነው ይሄ። ባትሪው 60 ኪሎዋት ሰዓት ቢይዝ አንድ አሥረኛው ለዳገቱ ብቻ ሄደ ማለት ነው። እርግጥ ቁልቁለቱ ላይ መኪናው ከፊሉን መልሶ ይሞላል፤ ግን ሁሉንም አይመልስም። ስለዚህ ወደ ላሊበላ የሚሄድ ሰው ወልድያ ላይ ሳይሰካ ድልብን ለመውጣት አይደፍርም። ወልድያ የሰልፉ ቦታ ናት ማለት ነው።

ሰልፉንም እናስላው። እንበልና መንገድ ላይ ሁለት ፈጣን መሰኪያ ያለው አንድ ጣቢያ አለ። አንድ መኪና 45 ደቂቃ ይይዛል። የበዓሉ ዋዜማ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ 20 መኪና አንድ ላይ ደረሰ። የመጨረሻው ሰው ሶኬቱን የሚይዘው ከቀኑ 10 ሰዓት ከ45 ላይ ነው። 6 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ሙሉ ሕፃን ታቅፎ፣ በግ ጭኖ! መብራት አንድ ሰዓት ጠፋ ማለት ደግሞ ሁሉም ላይ አንድ ሰዓት ተጨመረ ማለት ነው።

ወገን፣ እዚህ ላይ ነው ሁላችንም የምንሳሳተው። መፍትሔ ሲባል የምናስበው ትልቅ ጣቢያ ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮም አዲስ አበባ ላይ በ2017 ዓ.ም. እንደከፈተው ዓይነት ፈጣን፣ ዘመናዊ፣ ሪቫን የሚቆረጥለት። እሱም ያስፈልጋል፤ ስለ እሱ አፍ ሞልተን እንጠይቅ። የመንገዱ ግብር ከፋይ እኛም ነንና ልማቱ አዲስ አበባ ላይ ብቻ አይቁም። ግን እሱን እየጠበቅን የዘነጋነው ነገር አለ፤ የበዓል መኪና አብዛኛውን ሰዓት የሚቆም መኪና ነው!

አስበው እስቲ። ላሊበላ ለገና የመጣ ሰው ሌሊቱን በማኅሌት ላይ ነው። ቤዛ ኩሉ እስኪባል መኪናው ቆሟል። ወልድያ እናቱ ቤት የመጣ ሰው ሁለት ሦስት ሌሊት ያድራል። መኪናውም አብሮ ያድራል። ለሚያድር መኪና ፈጣን መሰኪያ ምን ያደርግለታል? ተራ የቤት ሶኬት፣ በደንብ ከተዘረጋ፣ ወደ 3 ኪሎዋት ይሰጣል። ሰዉ ወጥ ሠርቶ፣ ምጣዱን ነቅሎ ከተኛ በኋላ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ብንል 7 ሰዓት ነው፤ 21 ኪሎዋት ሰዓት ገባ። ይህ 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ያስኬዳል። ሁለት ሌሊት ካደረ 200። ሞልቶ ተነሣ፤ ሲመለስ መንገድ ላይ አይሰለፍም። ያንተ ወረፋ ለሌላው ተረፈ ማለት ነው።

ሌላም ስሌት አለ። መርሳና ወልድያ ላይ አሥር አልጋ ቤቶች ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ሁለት ሶኬት ቢያዘጋጁ 20 መኪና በአንድ ሌሊት ይሰካል። ሃያዎቹ በአንድ ላይ የሚወስዱት 60 ኪሎዋት ነው። አንድ መካከለኛ ፈጣን መሰኪያ ብቻውን የሚወስደውም ያንኑ ያህል ነው። በዚያው ኮረንቲ አንዱ ጋ ሰው እየተጣላ ይሰለፋል፣ ሌላው ጋ ሃያ ቤተሰብ ተኝቶ ያድራል።

ይህን ሐሳብ ይዤ መርሳ ላይ አንድ አልጋ ቤት ገባሁ። ባለቤቱ በጨዋ ደንብ አዳመጡኝ፤ ቡናም ጋበዙኝ። ከዚያ «ልጄ፣ ቆጣሪዬን ማን ይከፍልልኛል?» አሉኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ለየሶኬቱ ትንሽ ቆጣሪ ይገባለታል፣ እንግዳው የበላውን ይከፍላል አልኳቸው። «በል አንድ መኪና ይምጣና እናያለን» አሉኝ። ማታ ለአጎቴ ደወልኩ። «ሶኬት ይኑርና እመጣለሁ» አለኝ። አየህ? አልጋ ቤቱ መኪናውን ይጠብቃል፣ መኪናው አልጋ ቤቱን ይጠብቃል። መሀል ላይ የቆምኩት እኔ፣ ሥራ አጡ ኢንጂነር ነኝ። መሀል ላይ የቆምከው አንተም ነህ።

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ የእኛ የሚሆነው። ይህ ሥራ ነው ወንድሜ! ሽቦውን ማን ይዘረጋል? ኧርዙን ማን ይቀብራል? ብሬከሩን ማን ይመርጣል? ያረጀ ሶኬት ላይ ቀጭን ኤክስቴንሽን ሰክተህ ሌሊቱን ሙሉ 3 ኪሎዋት ብትስብበት ይቀልጣል፤ ቤትም ያቃጥላል። ስለዚህ ነገሩ ባለሙያ ይፈልጋል። አብዛኛው መኪና የቻይና ነው፤ መሰኪያውም የቻይና ነው። የአውሮፓ መሰኪያ ያለውም አለ። ይህን ለይቶ የሚያውቅ፣ ማታ የሚሰካ፣ ሌሊት የሚጠብቅ፣ በስልክ ወረፋ የሚይዝ ልጅ ያስፈልጋል። በየሰፈሩ በሙያው ተመርቀን የተቀመጥን ስንት ነን? አምስት ሆነን ብንደራጅ አንድ ሰሌዳ ሥር ለአንድ ክፍት ቦታ ከመጋፋት ይሻላል።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ። አንደኛው «መብራት በየቀኑ በሚጠፋበት አገር?» የሚለው ነው። እውነት ነው። ግን ልብ በል፤ መብራት ሲጠፋ በጣም የሚጎዳው የ45 ደቂቃ ተራውን የሚጠብቀው ነው። ሦስት ሌሊት የሚያድረው መኪና ሁለት ሰዓት ቢጠፋበት ሳያውቀው ያልፋል። ግን የሰፈሩ ትራንስፎርመር እንዳይጫን የመብራት አገልግሎት ባለሙያ መስመሩን አይቶ ይፍቀድ እንጂ እንደ ልብ አይሰካ። ሁለተኛው «ሰላም ሳይኖር ማን ይመጣል?» የሚለው ነው። ለዚህ የምሰጥህ ቴክኒካል መልስ የለኝም። መንገድ ሲዘጋ የሚሰካም የሚቀዳም አይመጣም። ሰው ያለ ስጋት ለበዓል አገሩ የሚገባበትን ቀን ሁላችንም እንፈልጋለን። ያ ቀን ሲመጣ ግን ባዶ እጃችንን እንዳያገኘን።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንተ መኪና ያለህ፣ ፈጣን ጣቢያ ላይ ከሆንክ 80 በመቶ ሲደርስ ንቀልና ሂድ። ባትሪ ስኒ እንደመቅዳት ነው፤ አፉ ጋ ሲደርስ ቀስ ይላል። የመጨረሻዋን 20 በመቶ ስትጠብቅ ከኋላህ ያለ ቤተሰብ ይመሽበታል። ከመነሳትህም በፊት የምታድርበት ቤት ደውለህ ሶኬት ጠይቅ። ጥያቄው ሲበዛ ባለቤቶቹም ያምናሉ።

እናንተ የወልድያና የመርሳ አልጋ ቤት ባለቤቶች፣ በአንድ ሶኬት ጀምሩ። እንግዳው ሲሰካ ያድራል፣ ሲያድር ይበላል፣ ሲሄድ ከመርሳ ማንጎና ብርቱካን ይሸምታል።

የከተማና የወረዳ ኃላፊዎች፣ ለአዳዲስ ግንባታ ፈቃድ ስትሰጡ የመኪና ማቆሚያው መስመር እንዲገባለት ጠይቁ። በኋላ ግድግዳ ከመፈንቀል አሁን ቱቦ መቅበር ይቀላል።

አንተ የተማርክ፣ እቤት የተቀመጥክ፣ «ተረሳን» ማለቱን አልከለክልህም፤ ተረስተናልና። ግን የተረሳ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ሲያለቅስ አይታወስም። ሥራ ይዞ ሲገኝ ነው የሚታወሰው።

እኔ የእናቴን ቤት ጀምሬያለሁ። ቆጣሪው ጋ አዲስ ብሬከር ገባ፣ ኧርዙ ተቀበረ፣ ወፍራም ሽቦ እስከ በሩ ተዘረጋ። ለዘንድሮ ገና አጎቴ በመኪናው ይመጣል ብዬ ደውዬለታለሁ። እናቴ ሶኬቱን አይታ ምን አለች መሰላችሁ? «እኔ ያኔ ምን አልኩ? ቤታችን መብራት አለ አላልኩም?»

ብላ ነበር። የሳቅነው እኛ ነን። ዲግሪ ይዘን።

ለአልጋ ቤት ባለቤት፣ ለሾፌር፣ ለተመረቀ ጓደኛህ ሼር አድርገው። ሰፈርህ ውስጥ ሶኬት ያለው ማረፊያ ካለ ከሥር ጻፍልን፤ ለበዓል መንገደኛ እናዳርሰዋለን። አብሽሩ ወገኖቼ!