ደጋና ቆላ የማዕረግ ስም አይደሉም

ሰው የተወለደበትን አገር አየር ለምዶ እንደሚኖር ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ከዚህ ተነሥተን በሰው ላይ ፍርድ እንድንሰጥ ማን ፈቀደልን? ይህችን አጭር ጽሑፍ እንዳቀርብ ያስገደደኝ ይህ ጥያቄ ነው።

ባለፈው ኅዳር በተደረገው የትምህርት ቤታችን የሩጫ ውድድር፣ በዚህ ዓመት ከቆላ አገር የመጣ አንድ የክፍላችን ልጅ መጨረሻ ወጣ። እኛም «ምን ታደርግ፣ ደምህ የቆላ ነው» ብለን ሣቅንበት። ከሣቁት አንዱ እኔ ነበርሁ። ልጁ ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ሩጫው ሜዳ አልተመለሰም። ነገሩ ስለከነከነኝ መምህራችንን ጠየቅሁ፤ መጻሕፍትም አነበብሁ። ያገኘሁት ግን የጠበቅሁትን አልነበረም።

በከፍተኛ ተራራ ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ በየእስትንፋሱ የሚገባው ኦክሲጅን ያንሳል። ከቆላ ወጥቶ ጥቂት ሳምንት የሚሰነብት እንግዳ ቀይ የደም ሕዋሳቱ በዝተውለት ይቋቋመዋል፤ ይህ ልምድ ነው እንጂ ለልጅ የሚወረስ አይደለም። ለብዙ ትውልድ በዚያ የኖሩት ግን ሌላ ነገር ይታይባቸዋል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ሊቅና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩትን ኢትዮጵያውያን መረመሩ። የሄሞግሎቢናቸውም ሆነ በደማቸው ያለው የኦክሲጅን መጠን በባሕር ጠረፍ እንደሚኖር ሰው ሆኖ ተገኘ። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩት ግን ሄሞግሎቢናቸው የበዛ ነው፤ የቲቤት ሰዎች ደግሞ ሄሞግሎቢናቸው ሳይበዛ ደማቸው የሚይዘው ኦክሲጅን ያንሳል። ለአንዱ ችግር ሦስት መልስ ተገኘለት ማለት ነው።

ታዲያ ይህ በዘር የተወረሰ መሆኑ በምን ይታወቃል? ሊቃውንቱ በትውልድ የሚቀራረቡ፣ በመኖሪያ ግን የሚለያዩ ሁለት ሕዝቦችን መርጠው ጂኖቻቸውን ያነጻጽራሉ። አብዛኛው ይመሳሰላል፤ በአንድ ስፍራ ላይ ብቻ እጅግ የሰፋ ልዩነት ሲገኝ ያ ስፍራ ይጠረጠራል። በ2010 የቲቤት ሰዎች ከሐን ቻይናውያን ጋር ሲነጻጸሩ፣ «ኢፓስ አንድ» በተባለው ጂን ላይ አንዱ ዓይነት በቲቤት ከመቶ 87፣ በሐን ግን ከመቶ 9 ሆኖ ታየ። በ2012 በአገራችን ደገኞች ላይ በወጡት ጥናቶች የተጠረጠሩት ጂኖች ግን ሌሎች ናቸው። ይሁን እንጂ ጥርጣሬ ፍርድ አይደለም። ልዩነት በአጋጣሚም ሊመጣ ስለሚችል፣ ጂኑ በሰውነት ውስጥ የሚሠራው ሥራ መመርመር አለበት። ሊቃውንት ለዓመታት የሚጠነቀቁበትን ነገር እኛ በአንድ ሩጫ ፈረድንበት!

ቆላም የራሱ ፈተና አለው። አንቶኒ አሊሰን የተባሉት ሐኪም በ1954 ከምሥራቅ አፍሪካ ባገኙት ማስረጃ፣ ቀይ የደም ሕዋስን የማጭድ ቅርጽ የሚያስይዘው ጂን ከአንድ ወላጅ ብቻ ሲወረስ ከወባ እንደሚከላከል አስረዱ። ከሁለቱም ወላጆች ሲወረስ ግን ብርቱ በሽታ ያመጣል። እንግዲህ ለቦታው የሚስማማ አለ እንጂ በሁሉም ቦታ የሚበልጥ ደም የለም።

«ታዲያ አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው በደጋ ደሙ አይደለምን?» የሚለኝ አይጠፋም። በከፍታ ላይ መለማመድ እንደሚጠቅም አልክድም። ነገር ግን የሯጮቻችንን ድል የሚያስረዳ አንድ ጂን እስካሁን አልተገኘም። ድሉን ሁሉ ለደሙ መስጠት የሰውየውን ላብ መቀማት ነው። መጨረሻ የወጣውንም በደሙ ማሳበብ ነገ እንዳይሞክር ተስፋውን መቁረጥ ነው።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ይህን አነጋገር ከአፋችን እናውጣው። ወላጆቻችንም በቤት ውስጥ የደጋውንና የቆላውን ሰው ጠባይ በጨዋታ ሲያነሡ፣ ልጆች የሰሙትን ይዘው ወደ ትምህርት ቤት እንደሚመጡ እንዲያስቡልን በትሕትና እለምናለሁ። እኔ ያን ልጅ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። በሚመጣው ዓመት ውድድር ተመልሶ ቢሮጥ፣ አንደኛም ይውጣ መጨረሻ፣ የእግሩ ይሆናል እንጂ የአገሩ አይሆንም።