ስለ አንዳንዶች ድካም

በዚህ ወር ለጸሎት ማኅበራችን አንድ ሐሳብ ቀርቧል። ከጋምቤላ የመጡት ወንድሞቻችን እሑድ እሑድ በሌላ ክፍል ለብቻቸው ይጸልዩ የሚል ነው። ምክንያቱን ብንጠይቅ፥ «በቋንቋቸው እንዲጸልዩ ብለን ነው» ተባልን። መልካም። ነገር ግን ሐሳቡ የመጣው አንድ የጋምቤላ ልጅ በተቀመጠበት አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ሰዎች አንቀመጥም ብለው በተነሡ ማግሥት መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ልጁም አማርኛውን ከብዙዎቻችን አሳምሮ ይናገራል። ስለዚህ የቋንቋውን ነገር ለጊዜው ትተን እውነተኛውን እንነጋገር።

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ በደቡብ አፍሪቃ ተሞክሯል። የኬፕ የደች ተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ በ1829 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው) ቅዱስ ቍርባን በቀለም ሳይለይ ለምእመናን ሁሉ በአንድነት እንዲሰጥ ወስኖ ነበር። በ1857 ግን ሲኖዶሱ ሌላ ነገር ጨመረ። አብሮ ማምለኩ ተገቢና ከመጽሐፍ ጋር የተስማማ ነው ካለ በኋላ፥ ስለ አንዳንዶች ድካም ሲባል ግን ከአረማዊነት የተመለሱት ምእመናን በተለየ ሕንፃ ሊያመልኩ ይችላሉ አለ። አንባቢ ልብ ይበል፤ ደካሞች የተባሉት ከጥቁር ጋር መቀመጥ ያቃታቸው ነጮች ናቸው። ደካማው ነጩ ሆኖ ሳለ ከቤት የወጣው ጥቁሩ ነው! በሽተኛውን ትቶ ጤነኛውን የሚያስተኛ ሐኪም እስካሁን አላየንም።

ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ቍልቍለት ነው። በ1881 ለክልሶቹ የተለየ ቤተ ክርስቲያን ተቋቋመ። በ1948 አፓርታይድን የመንግሥት መመሪያ ያደረገው ፓርቲ ሥልጣን ሲይዝ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዳንኤል ማላን ቀድሞ የዚያች ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ የነበረ ሰው ነው። እንግዲህ ፓርላማው አዲስ ነገር አልፈጠረም፤ በቤተ ክርስቲያን በር የቆመውን አጥር ወደ አገሩ ሁሉ አዛወረው እንጂ። እምቢ ያለም አልጠፋም። ቄስ ቤየርስ ናውዴ በ1963 ሰበካውን ለቀቀ፤ በ1977ም መንግሥት በእግድ አፉን ዘጋው። በተለየችው ቤት የቀሩት ደግሞ የቤልሃርን የእምነት መግለጫ ጽፈው በ1986 አጸደቁ። ነጮቹ ይህንኑ መግለጫ ለመቀበል ድምፅ ሲሰጡ በ2015 የሚያስፈልገው ድምፅ ሳይሞላ ቀረ። ወዳጆቻችን «ለጊዜው ብቻ ነው» ሲሉን የምንፈራው ስለዚህ ነው።

«ያ የፈረንጅ ኀጢአት ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። በፕሪቶሪያ ማንጌና ሞኮኔ የተባለ ጥቁር ሰባኪ የነጮቹን አድልዎ አልሸከምም ብሎ በ1892 ከሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ወጣ። ለመሠረታት ቤተ ክርስቲያን ያወጣላት ስም «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» ነው፤ ስለ ኢትዮጵያ እጆች ከሚናገረው ከዳዊት መዝሙር ወስዶ። በዚህ ታሪክ እንኮራለን፤ በንግግር ባገኘን ቍጥር እናነሣዋለን። ታዲያ ሞኮኔ ዛሬ በማኅበራችን በር ቢቆም በየትኛው ክፍል ልናስቀምጠው ኖሯል? ባርነት በአዋጅ ከተሻረ ከ1942 ወዲህ ስንት ዘመን አልፏል፤ «ባሪያ» የሚለው ቃል ግን ዛሬም በመኝታ ቤታችን እንደ ቀልድ ይወረወራል። የሚስቁትም እሑድ ጧት መዝሙር የሚመሩ ናቸው። (እኛም አንዳንድ ጊዜ ሰምተን ዝም ብለናል፤ ይህን አንክድም።)

መጽሐፍ የምንጠቅስ ከሆነ ኦሪት ዘኍልቍን እንክፈት። ሙሴ ኢትዮጵያዊት ሴት ስላገባ እኅቱ ማርያም በእርሱ ላይ ተናገረች። ለምጽ የወጣው በማን ላይ ነበር? ሰባት ቀንስ ከሰፈር ውጭ የቈየችው ማን ናት? ኢትዮጵያዊቱ አይደለችም።

የቋንቋው ጥያቄ እውነተኛ ቢሆን ኖሮ መልሱ ቀላል ነበር። በአኙዋክና በኑዌር መዝሙር ይኑር፤ ግን በዚያው ክፍል፥ በሁላችን ፊት፤ የሚያስተረጕም አይጠፋም፤ እኛም ጥቂት ቃል ብንማር አይጐዳንም።

ሐሙስ ማታ ሐሳቡ ለድምፅ ሲቀርብ እኛ እንቃወማለን። ሁለቱ ወንድሞች በዚያ ወንበር መቀመጥ አሁንም ካቃታቸው፥ ሌላው ክፍል ባዶ ነው፤ ቍልፉም ከዘበኛው ዘንድ ይገኛል።