«እኔም እንዲሁ ነበርኩ» ማለት ይብቃን



በዚህ ሰሌዳ ላይ የመዋጮና የጽዳት ጉዳይ እንጂ የሴት ልጅ ሕመም ሲለጠፍ አልተለመደም። ቢሆንም ነውር ተብሎ የተሸፈነ ነገር ልጆቻችንን እያሰቃየ ስለ ሆነ፣ እንደ ጸሐፊነቴም እንደ እናትነቴም ሐሳቤን ለመግለጽ ተገድጃለሁ።

እንደሚታወቀው ሁሉ፣ ልጃገረድ የወር አበባዋ መጥቶ ሆዷን ይዛ ስትታጠፍ «ብርድ ነው፤ ስትወልድ ይተዋታል» እንላለን። እናትም «እኔም እንዲሁ ነበርኩ» ብላ ሆዷን በመቀነት ታስርላታለች። እኔም ለልጄ ይህንኑ ብያለሁ። በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን ከትምህርት ስትቀር ዝም ብዬ አይቻለሁ። ዘግይቼ ሐኪም ዘንድ ብወስዳት፣ በመጀመሪያ የተጠየቀው የእሷ ሳይሆን የእኔ ነገር ነው፦ «እናትዬዋስ እንዴት ነበርሽ?»

ለምን ቢሉ፣ ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባል በሽታ አለ። የማኅፀንን የውስጥ ግድግዳ የሚመስል ሥጋ ከማኅፀን ውጭ፣ በእንቁላል ማምረቻው፣ አንዳንዴም በአንጀትና በፊኛ ላይ ይበቅላል። ያሳምማል፣ አካልን ከአካል ያጣብቃል፣ አንዳንዷንም መውለድ ይከለክላል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱ 100 ሴቶች 10 ያህሉ አለባቸው።

መነሻው ተለይቶ ባይታወቅም ለማን እንደሚያደላ ሐኪሞች ይናገራሉ፦

1ኛ/ እናቷ ወይም እኅቷ በሽታው ላለባት፤
2ኛ/ የወር አበባ 11 ዓመት ሳይሞላት ለጀመራት፤
3ኛ/ ዙሩ ከ27 ቀን ለሚያንስባት፣ ወይም ደሙ ለሚበዛባትና ከ7 ቀን ለሚያልፍባት፤
4ኛ/ ላልወለደች፤
5ኛ/ ከተፈጥሮ የደሙ መውጫ ለጠበበባት ወይም ለተዘጋባት።

እንግዲህ 1ኛውን ልብ በሉ! «እኔም እንዲሁ ነበርኩ» የምንለው ማጽናኛ መስሎን ነበር። ለካ እሱው ራሱ ምልክት ሊሆን ይችላል። እናት እንዲያ ከነበረች ልጅቱ ይበልጥ መታየት አለባት እንጂ ዝም መባል የለባትም።

ደግሞም ይህ ዝርዝር መውቀሻ አይደለም። ልጅቱ በጥፋቷ ያመጣችው ነገር የለም። ምልክቱ ያለባት ሁሉ ትታመማለች ማለትም አይደለም፤ አንዱም ሳይኖርባት የምትታመም አለች። 4ኛውን ይዞ «ቶሎ እንዳራት» የሚል ካለ ተሳስቷል፤ ወልደውም የሚታመሙ አሉና መውለድ መድኃኒቱ አይደለም። «የወሊድ መከላከያ እንክብል ነው ያመጣባት» የሚባለውም ከንቱ ወሬ ነው፤ ሐኪሞች ለሕመሙ ከሚያዙት አንዱ ራሱ እንክብሉ ነው። በሽታው ፈጽሞ ባይነቀልም ሕመሙ በመድኃኒት ይታገሣል፤ ሲያስፈልግም በቀዶ ጥገና ይታከማል።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ሕመሙ ከትምህርት ወይም ከሥራ የሚያስቀራት ልጅ ጤና ጣቢያ ትሂድ። ደሙ የሚመጣበትንና የሚቆምበትን ቀን ደብተር ላይ ትጻፍ፤ እናትም የራስዋን ታሪክ ሳታፍር ለሐኪሙ ትንገር። አባቶችም «የሴት ጉዳይ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ለመታከሚያው ገንዘብ ስትጠየቁ «ደግሞ ለዚህ!» አትበሉ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛ ግን የደበቅነው የራሳችንን ሳይሆን የልጆቻችንን ነው።



የማኅበሩ ጸሐፊ