ከረሜላውን ሌላው ይገዛል፣ ወቀሳውን እናት ትሸከማለች

የሦስት ዓመት ልጅ የላይኛው የፊት ጥርሱ ጠቁሮና ተሸራርፎ ከድዱ እኩል ሲሆን ተከሳሿ ወዲያው ትታወቃለች። አማት «በጡጦ ስላሳደገችው ነው» ይላሉ። አባት «ቤት የምትውለው እሷ፤ ምን ስታይ ነበር?» ብሎ ይቆጣል። ጎረቤት ደግሞ «እርጉዝ ሆና ወተት ስላልጠጣች ነው» ብላ ነገሩን ትደመድመዋለች። ልጇን ታቅፋ የጥርስ ሐኪሙ ወንበር ላይ የተቀመጠችው እናትም ሐኪሙ ገና አፉን ከፍቶ ሳያይ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ትላለች። ለተግሣጹ የምትገኘው እሷ ብቻ ናት፤ ልጁን ይዛ የመጣችው እሷ ናትና።

ፍርዱ የመንደር ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ በቀላሉ በታለፈ። ነገር ግን ሳይንስም እጁ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1924 ክላርክ የተባለ ተመራማሪ ለንደን ውስጥ ከተበላ ጥርስ «ስትሬፕቶኮከስ ሙታንስ» የተባለውን ባክቴሪያ ለይቶ አወጣ። ሕፃን ይህን ባክቴሪያ በብዛት የሚያገኘው ከሚንከባከበው ሰው ምራቅ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እናቱ ናት። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ አላባማ ኮፊልድና ባልደረቦቹ እናቶችንና ልጆቻቸውን ተከታትለው፣ ባክቴሪያው በልጆቹ አፍ የሚሰፍረው በአመዛኙ ከ19 እስከ 31 ወር ባለው ዕድሜ እንደሆነ ጻፉ። ግኝቱ ቁም ነገር ነበር። ከግኝቱ የተወለደው ምክር ግን አጥር ዘሎ ሄደ፦ ልጅሽን አትሳሚ፣ በማንኪያሽ አታጉርሺ፣ የቀመስሽውን አታቅምሺ።

ይህን ምክር ለኢትዮጵያዊት እናት መንገር ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ አያስቸግርም። ገንፎው እንዳያቃጥለው መጀመሪያ በራሷ ከንፈር ትለካዋለች። ፍትፍቱን በጣቷ አድቅቃ ታጎርሰዋለች፤ የተረፈውን ራሷ ትጎርሳለች። ልጁም በተራው እጁን ዘርግቶ ሲያጎርሳት ቤቱ በእልልታ ይሞላል። ይህን ሁሉ ነው በበሽታ ማስተላለፊያነት መዝግቢው የምትባለው።

ለዚያውም ምክሩ መሠረቱ ሳስቷል። ከአላባማው ጥናት በኋላ የተደረጉ ምርመራዎች ባክቴሪያው ጥርስ ባላበቀሉ ሕፃናት አፍም እንደሚገኝ አሳይተዋል። የጃፓን የአፍ ጤና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መግለጫ፣ የወላጆች የአፍ ባክቴሪያ ሕፃኑ ምግብ ከመጀመሩ በፊት፣ ገና በአራት ወሩ አካባቢ ወደ እሱ እንደሚሻገር ጠቅሶ፣ ማንኪያና ሳህን መለየት ጥርስ እንዳይበላ ያደርጋል ለማለት በቂ ማስረጃ እንደሌለ አስታውቋል። ባክቴሪያው ብቻውን ጥርስ አይበላም። ስኳር ሲያገኝ ወደ አሲድ ይለውጠዋል፤ ጥርሱን የሚያሟሟው አሲዱ ነው። ስለዚህ ትልቁ ጥያቄ ባክቴሪያው ከማን መጣ ሳይሆን ስኳሩን ማን፣ በቀን ስንቴ ያቀብለዋል የሚለው ነው።

ስለ እናት ተጽዕኖ ከተነሣ የፊንላንዱ ሥራ መነሣት አለበት። ዪሊቪየስካ በምትባል ከተማ ተመራማሪዎች ባክቴሪያው በአፋቸው የበዛባቸውን እናቶች መርጠው፣ ልጁ ሦስት ወር ከሆነው ጀምሮ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ዛይሊቶል ያለበት ማስቲካ እንዲያኝኩ ሰጧቸው። ዛይሊቶል ባክቴሪያው ወደ አሲድ ሊለውጠው የማይችል ማጣፈጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ የእነዚህ እናቶች ልጆች አምስት ዓመት ሲሞላቸው የጥርስ መበላታቸው፣ እናቶቻቸው ፍሎራይድ ብቻ ከተቀቡት ልጆች በ70 በመቶ ገደማ ያነሰ ነበር። ልጆቹ ራሳቸው ማስቲካውን አልነኩትም። የታከመችው እናትየዋ ነበረች። ያው የእናትና የልጅ ትስስር ነው፤ አንዱ ዘንድ እናትን ለማከም ምክንያት ሆነ፣ ሌላው ዘንድ እሷን ለመክሰስ። እዚህ አገር ለእርግዝና ክትትል የሄደች ሴት ክብደቷ ይመዘናል፣ ደም ግፊቷ ይለካል፣ አይረን ይሰጣታል፤ «እስኪ አፍሽን ክፈቺ» የሚላት ግን እምብዛም የለም። ዓመታት አልፈው የልጇ ጥርስ ሲበላ ነው አፏ የሚታወሰው።

አሁን የአንድ ከተሜ ሕፃን ቀን ይታይ። ጠዋት ዳቦ በሻይ ነው፤ ሻዩ ስኳሩ የበዛ ነው። አባት ይዞት ሱቅ ሲወጣ ባለሱቁ «ዝርዝር የለኝም» ብሎ መልሱን በከረሜላ ይሞላል፤ ከረሜላው የት እንደሚሄድ የታወቀ ነው። ጎረቤት ቡና ሲጠጣ ልጁ ስኒ ሥር የቀረውን ስኳር በጣቱ እየጠረገ ይልሳል፤ ትልልቆቹ «ጎበዝ!» እያሉ ይስቃሉ። ከሰዓት እንግዳ ይመጣል፤ ባዶ እጅ መምጣት ነውር ነውና ብስኩትና ጁስ በፌስታል አንጠልጥሎ። ማምሻውን ሳል ሲያጣድፈው የሚሰጠው ሲሮፕም ጣፋጭ ነው። አባትም ከሥራ ሲገባ «ምን አመጣህልኝ?» ይጠብቀዋል። አሲዱ ከእያንዳንዷ ቅምሻ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ጥርሱን ሲፈታው ይቆያል፤ ቀኑም በዚህ ያልቃል። በዚህ መሀል እናትየዋ «ይብቃው» ብትል ንፉግ ተባለች ማለት ነው፤ «ልጅ አይደለም እንዴ፣ አትከልክይው!» ይሏታል። ይህን ያሏት ሰዎች ናቸው ከሁለት ዓመት በኋላ ምን ስታደርግ እንደነበር የሚጠይቋት።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ የሚጨመር ስኳር ከዕለቱ የምግብ ጉልበት ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። የሦስት ዓመት ልጅ ላይ ሲሰላ 5 በመቶው 15 ግራም ገደማ ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ የዚህን እጥፍ ይይዛል።

ከሱቅ የሚገዛው የሕፃን ምግብስ? ፐብሊክ አይ የተባለው የስዊዘርላንድ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 የኔስሌን ምርቶች በየአገሩ አስመርምሮ ነበር። ለስድስት ወር ሕፃናት የሚሸጥ የስንዴ ሴሬላክ በጀርመንና በብሪታንያ ምንም የተጨመረ ስኳር የለውም፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ግን በአንድ ምግብ ከ5 ግራም በላይ ተገኝቶበታል። ኩባንያው የየአገሩን ሕግ አክብሮ እንደሚሠራና ስኳሩንም በየጊዜው እየቀነሰ መሆኑን ገልጿል። መልሱ ኩባንያውን ሊያስጥል ይችላል፤ ጥያቄውን ግን ወደ ሕግ አውጪው ይገፋዋል። ለልጇ «የፋብሪካ ምግብ ይሻለዋል» ብላ ከወር ወጪዋ ቆርሳ የገዛች እናት በምን ሂሳብ ነው ተጠያቂ የምትሆነው?

ከገጠር ኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የገቡት ወገኖች ታሪክ ነገሩን ይበልጥ ያጠራዋል። ሲደርሱ የመረመሯቸው ሐኪሞች ጥርሳቸው እምብዛም እንዳልተበላ አገኙ፤ ብዙዎቹ የሚያውቁት የእንጨት መፋቂያ እንጂ ብሩሽ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1999 አካባቢ የታዩት አዋቂዎች ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ እንደገና ሲመረመሩ ግን መበላቱ ጎልቶ ጨምሮ ነበር። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ እናቶቻቸውም አልተለወጡ። የተለወጠው ገበያውና ገበታው ነው።

የተገላቢጦሹም ታይቷል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2018 ስኳር በበዛባቸው ለስላሳ መጠጦች ላይ ቀረጥ ስትጥል ፋብሪካዎቹ ቀረጡን ለመሸሽ ስኳሩን ቀነሱ። እንግሊዝ ውስጥ ጥርስ ለመነቀል ሆስፒታል የሚገቡ ልጆች ቁጥር ከሚጠበቀው በ12 በመቶ፣ ከአምስት ዓመት በታች ባሉት ደግሞ ከ28 በመቶ በላይ መውረዱን እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት አሳየ። አንዲትም እናት አልተገሠጸችም። ስኮትላንድም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ «ቻይልድስማይል» በተባለው ፕሮግራሟ ሕፃናቱን በመዋያቸው ጥርስ ታስቦርሻለች። የሚታይ የጥርስ መበላት የሌለባቸው የአንደኛ ክፍል ልጆች እ.ኤ.አ. በ2003 45 በመቶ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ከ70 በመቶ አልፈዋል።

እናትን ከክስ ማውጣት እጇን ከነገሩ ማውጣት አይደለም። ጡጦ አፉ ውስጥ ተትቶለት የሚተኛ ልጅ፣ ጡጦው ሻይ በስኳር ወይም ጁስ ከያዘ፣ ሌሊቱን ጥርሱን ሲያስበላ ያድራል፤ በእንቅልፍ ምራቅ ስለሚቀንስ የሚያጥበው የለም። «የወተት ጥርስ ነው፣ ለማንኛውም ይወልቃል» የሚለውም አባባል ከባድ ጥፋት ያደርሳል። የፊቶቹ በስድስትና በሰባት ዓመት ቢወልቁም የመንጋጋዎቹ እስከ አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት አሉ፤ ልጁ የሚያኝከው በእነሱ ነው። በስድስት ዓመቱ ከኋላ የምትወጣው የመጀመሪያ ቋሚ መንጋጋ ደግሞ ማንንም ሳትነቅል ብቅ ስለምትል ብዙ ቤት የወተት ጥርስ መስላ ችላ ትባላለች። ይህን ሁሉ ግን እናት ከየት ትስማው? የነገራት የለም፤ የተነገራት ጥፋቷ ነው።

ሊነገራት የሚችልበት ቦታ ደግሞ ሞልቷል። በዘጠኝ ወሩ ለኩፍኝ ክትባት የሚመጣ ሕፃን ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም አራት ጥርስ አብቅሏል። ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ ማየት ከክትባቱ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል፤ የመበላት ጅማሬ የሆነው ነጭ መስመር ከታየ ጥርሱ ገና ሳይቦረቦር ሊተርፍ ይችላል። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ ታህል፣ ከዚያ በኋላ የአተር ታህል እንደሚበቃ፣ ሰባትና ስምንት ዓመት እስኪሞላውም ብሩሹን አዋቂ መያዝ እንዳለበት እዚያው መንገር ይቻላል። ይህ ምክር ለአባትም ነው፤ ከረሜላ ለመግዛት የዘረጋው እጅ ማታ ብሩሽ ለመያዝም አያንስም። የጉድጓድ ውሃው ፍሎራይድ በዝቶበት የልጆቹ ጥርስ በሚበልዝበት በስምጥ ሸለቆ ግን የሳሙናው ምክር የአካባቢውን ውሃ ከሚያውቅ ባለሙያ መምጣት አለበት።

አዲስ አበባ በመንግሥት ትምህርት ቤቶችዋ፣ ከአጸደ ሕፃናት ጀምሮ፣ ቁርስና ምሳ ታበላለች። ስኮትላንድ ያደረገችውን ለማድረግ ሕፃናቱ ከቁርስ ሲነሡ ሁለት ደቂቃ፣ ስም የተጻፈበት ብሩሽና ትንሽ የጥርስ ሳሙና ብቻ ነው የቀረው። ለስላሳ መጠጥ ላይ ኤክሳይዝ ታክስ ይሰበሰባል፤ የሳሙናውን ዋጋ ከዚያ ላይ መቀነስ ይቻላል።